የጣራ ውሃ፣ የምድጃ ወጪና የጓሮ ጎመን
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ኮተቤ አካባቢ 200 ካሬ ሜትር በሚሆን ግቢ ውስጥ ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቻችን ጋር እኖራለሁ። የቧንቧ ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው፤ የከሰል ዋጋም በየጊዜው ይጨምራል። ስለ አየር ንብረት ለውጥ የምሰማው ሁሉ ያስጨንቀኛል። አንዳንድ ጊዜ ከገበያ ተላቀን በግቢያችን ብቻ ብንኖር ብዬ እመኛለሁ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ አየሩን የበከሉት ሌሎች ሆነው ሳለ የእኛ ጥረት ምን ይለውጣል እላለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጭንቀትዎ ተገቢ ነው። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኖ ባስከተለው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችን የምግብ ዕርዳታ ጠባቂ ሆነው ነበር፤ አገራችን ወደ ከባቢ አየር የምትለቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ ግን ከዓለም ጠቅላላ መጠን አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ግቢዎ የዓለምን አየር እንዲያስተካክል የሚጠይቅዎ የለም፤ ሊያደርጉት የሚችሉት ዝናቡ ሲዛባና ኑሮው ሲወደድ ቤተሰብዎ ቶሎ እንዳይናጋ ማዘጋጀት ሲሆን፣ ይህም በእኛ አስተያየት ሊደከምለት የሚገባ ትልቅ ሥራ ነው።

ከገበያ ሙሉ በሙሉ ስለመላቀቅ ያለዎትን ምኞት ግን ልናበረታታ አንችልም። የአገሪቱ አማካይ የጤፍ ምርት በሄክታር 18 ኩንታል ገደማ በመሆኑ፣ ቤቱን አፍርሰው ግቢውን በሙሉ ጤፍ ቢዘሩበት እንኳ የሚያገኙት 36 ኪሎ ያህል ነው። እህሉን ከገበሬው ይግዙ፤ ጉልበትዎንና ገንዘብዎን ከሁሉ አስቀድመው በውሃ ላይ ያውሉ።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስለምታገኝ፣ 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ አንድ አምስተኛው ባክኖ እንኳ በዓመት ከ32,000 ሊትር ያላነሰ ውሃ ይሰጣል። ችግሩ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት መሆኑ ነው፤ ይህን ሁሉ አጠራቅሞ እስከ ግንቦት ለማቆየት የሚያስችል ማጠራቀሚያ መሥራት ደግሞ ከአንድ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ በነፍስ ወከፍ በቀን 20 ሊትር ለሚጠቀም አምስት ሰው የሚበቃው ለ20 ቀን ብቻ ነው። ሆኖም በክረምት እየሞላና እየጎደለ ያገለግልዎታል፤ በበጋም ፈረቃው ሲመጣ ከቧንቧ እየሞሉት ውሃው ጠፍቶ በሚቆይባቸው ቀናት ቤትዎን ከጭንቀት ያወጣል።

አሸንዳው ከሰኔ በፊት ይጠረግ። የመጀመሪያው ዝናብ በበጋ የተከማቸውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ፣ ጣራው ታጥቦ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ቱቦውን ከሮቶው ነቅለው ወደ ውጭ እንዲፈስ ያድርጉ። የሮቶው አፍ የወባ ትንኝም ሆነች ሌላ ነፍሳት እንዳይገባበት በወንፊት ይሸፈን። ይህ ውሃ ለልብስ፣ ለጽዳትና ለአትክልት እንጂ ሳይፈላ ወይም በማከሚያ ሳይታከም ለመጠጥ አይሁን።

ወደ ማገዶው ስንመጣ፣ በባህላዊ መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል ከአምስት ኪሎ ያላነሰ እንጨት ይነዳል፤ ስለዚህ ከሰል የሚቀንስ ቤተሰብ የሚያተርፈው በገንዘቡ ከሚታየው ይበልጣል። ላቀች የተባለችው ማንደጃ ከተለመደው የቆርቆሮ ማንደጃ ጋር ስትነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ትቆጥባለች። እንጀራ በእንጨት የሚጋግሩ ከሆነ ደግሞ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ያወርደዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለዎት፣ ኃይላችን በአብዛኛው ከውሃ ስለሚመነጭ እርሱን ቢመርጡ ይሻላል፤ ነገር ግን ምጣዱ እስኪግል ብዙ ኃይል ስለሚወስድ ደጋግሞ ከመለኮስ በአንድ ጊዜ አብዝቶ መጋገር፣ ከተቻለም ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ በጋለው ምጣድ ላይ ተራ በተራ መጋገር ይጠቅማል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማንደድ ግን ሰው ይገድላልና በብርድ ወራት እንኳ ፈጽሞ እንዳያደርጉት አደራ እንላለን።

ለጓሮው የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ከከተማዋ ደጋ አየር ጋር ይስማማሉ። የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላና የደረቀ ቅጠል እያፈራረቁ ከምረው፣ አርጥበውና አልፎ አልፎ አገላብጠው በጥቂት ወራት ብስባሽ ያገኛሉ፤ ሥጋና ቅባት ግን አይጥ ስለሚጠራ አይጨመርበት። በበጋ በረኪና ያልነካው የልብስ ዕጣቢ ከቅጠሉ ተርቆ በሥሩ አካባቢ ሊፈስ ይችላል። የራስን ጎመን ማብቀል ሌላም ጥቅም አለው፤ በአቃቂ ወንዝ ውሃ በለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል፣ ቅጠሉ ውስጥ የገባ ብረት ደግሞ በማጠብ አይወጣም። በዚሁ ምክንያት እርስዎም የውሃ እጥረት ቢያጋጥምዎ ጓሮዎን በከተማው ወንዝ ውሃ እንዳያጠጡ እናሳስባለን።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ሁለት ላሞች አሉኝ። ኩበት ማንደዱን ትቼ ባዮጋዝ ላስገነባ አስቤያለሁ፤ ይበቃኛል?

መልስ፦ ሐሳብዎ ትክክል ነው፤ ኩበቱ ሲነድ ለማሳው ይገባ የነበረው ማዳበሪያ አብሮ ይጠፋል፣ ከባዮጋዝ ጉድጓድ የሚወጣው ዝቃጭ ግን ተመልሶ መሬቱን ያዳብራል። ሆኖም የተለመደው ባለ 6 ሜትር ኩብ የቤተሰብ ጉድጓድ ቢያንስ የአራት ከብት እበትና የእበቱን ያህል ውሃ በየቀኑ ይፈልጋል። ከተማችሁ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ የምትገኝ በመሆኗ ብርዱም የጋዙን መመንጨት ያዘገየዋል። በሁለት ላም ብቻ ገንዘብዎን እንዳያፈሱበት እንመክራለን፤ ከብት ያለው ቅርብ ጎረቤት ካለ እበቱንና ወጪውን ተካፍላችሁ ጉድጓዱን በሁለታችሁ ቤት መካከል ማስቆፈር ትችላላችሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ማን በየቀኑ እንደሚቀላቅልና ዝቃጩን እንዴት እንደምትከፋፈሉ በሽማግሌ ፊት ተስማሙ።