ፕሬዚዳንት ከማወዳደራችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ወጣት «ጋሼ፣ ለጡረተኛውም ለአገሪቱ ደኅንነትም የተሻለው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁስል ነካብኝ። አሜሪካ የኖርን ሐበሾች በየለቅሶ ቤቱና በየቡናው ስለ ሬገን፣ ስለ ክሊንተንና ስለ ቡሽ እስኪነጋ ስንከራከር፣ አጠገባችን የተቀመጠውን ታክሲ ነጂ «ለመሆኑ ሶሻል ሴኩሪቲ ላይ ስንት ተመዝግቦልሃል?» ሳንለው ቀረን። ሶሻል ሴኩሪቲ ማለት ከደሞዝ በሚቆረጥ ታክስ የሚሄደው የአሜሪካ መንግሥት ጡረታ ነው። ያ ሰው ዛሬ ጡረታ ወጥቷል፤ የሚደርሰው ገንዘብ የቤት ኪራዩን አይሸፍንም። እናውቅ የነበርን ሰዎች ዝም ማለታችን ይጸጽተኛል። ስለዚህ ዘግይቼም ቢሆን ልጻፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ፕሬዚዳንትን በንግግሩ አትመዝኑት። የፈረመው ሕግ መቼ እንደሚጀምርና በየትኛው ዓመት የተወለደውን ሰው እንደሚነካ ቆጥራችሁ መዝኑት። ይህንን ከ1981 እስከ 1983 ከሆነው ነገር የበለጠ የሚያሳይ የለምና እዚያ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

በሜይ 1981 ሬገን ሥልጣን ከያዘ ገና አራተኛ ወሩ ነበር፤ ማርች 30 ከደረሰበት የጥይት ቁስልም እያገገመ ነው። የጡረታው ካዝና እየሳሳ ነበር። የበጀት ኃላፊው ዴቪድ ስቶክማን ደግሞ የመከላከያው ወጪ እየጨመረ ታክሱ እየተቀነሰ ስለሆነበት ገንዘብ የሚተርፍበትን ቀዳዳ ሁሉ ይፈልጋል። ያኔ ሙሉ የጡረታ ዕድሜ 65 ነው፤ በ62 ዓመቱ የወጣ ሰው የሙሉውን 80 በመቶ ያገኛል። ሜይ 12 የቀረበው ሐሳብ ይህንን 80 ወደ 55 በመቶ የሚያወርድ ነበር። መነሻው ጃንዋሪ 1982 ነው።

እስቲ አስሉት። ሙሉ ጡረታው በወር 500 ዶላር የሚሆን ሰው በ62 ሲወጣ 400 ይጠብቃል። በአዲሱ ሐሳብ 275 ይሆንበታል። ለመዘጋጀት የሚሰጠው ጊዜ ስምንት ወር አይሞላም። ጡብ ሲሸከም የኖረ፣ ወገቡ ያለቀ፣ «በሚቀጥለው ዓመት እወጣለሁ» ብሎ ለሚስቱም ለአለቃውም የተናገረ ሰው በስምንት ወር ውስጥ ምን ሊያደርግ ይችላል? ቁጠባ አይጀምር፤ ሌላ ሙያ አይማር። ሴኔቱ በራሱ በሬገን ፓርቲ እጅ ነበር፤ ሆኖም ሜይ 20 ቀን ቀደም ብለው ጡረታ የሚወጡትን በድንገትና ያለ አግባብ መቅጣት አይገባም የሚል አቋም 96 ለ 0 አሳለፈ። አንድ ድምፅ እንኳ ለፕሬዚዳንቱ አልወጣለትም።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይቆርጠውና «ሬገን የጡረታ ጠላት ነበር» ይላል። ቀጣዩን ግን ስሙ። በዲሴምበር 1981 ለጡረታው ችግር መፍትሔ የሚፈልግ፣ በኢኮኖሚ ባለሙያው አለን ግሪንስፓን የሚመራ 15 አባላት ያሉት ኮሚሽን ተቋቋመ፤ አምስቱን ፕሬዚዳንቱ፣ ቀሪዎቹን የሁለቱ ምክር ቤቶች መሪዎች መረጡ። አንድ ዓመት ሙሉ ተከራክረው አልተስማሙም። በ1982 መጨረሻ የጡረታው ፈንድ ከአካል ጉዳተኞችና ከሜዲኬር (የአረጋውያን ሕክምና መድን) ፈንድ ተበድሮ ነበር የሚከፍለው፤ መፍትሔ ካልተገኘ በ1983 አጋማሽ ቼኩ በቀኑ አይወጣም። ጭንቀቱ ነው ያስማማቸው። በጃንዋሪ 1983 ዴሞክራቱ ሮበርት ቦልና ሴናተር ሞይኒሃን፣ ከሪፐብሊካኑ ሴናተር ዶልና ከዋይት ሐውስ ሰዎች ጋር በትንሽ ክፍል ተቀምጠው ጨረሱት። ሬገን ኤፕሪል 20 ቀን 1983 ፈረመ።

ሕጉ የታክሱን ጭማሪ አፋጠነ፣ የዓመቱን የኑሮ ውድነት ማስተካከያ ስድስት ወር ገፋ፣ አዲስ የሚቀጠሩ የፌዴራል ሠራተኞችን ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ አስገባ። ሙሉ የጡረታ ዕድሜንም ከ65 ወደ 67 አሳደገ። ይህኛው ኮሚሽኑ የተስማማበት አይደለም፤ የተወካዮች ምክር ቤት ነው የጨመረው። በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው በ62 ቢወጣ ዛሬ የሚያገኘው የሙሉውን 70 በመቶ ነው። ልብ በሉ፤ ከ80 ወደ 70 የወረደውም ጡረታ ነው፤ የፈረመውም ያው ሬገን ነው። ነገር ግን ጭማሪው የጀመረው በ1938 ከተወለዱት ነው፤ እነሱ 65 የሚሞላቸው በ2003 ነበር። ሃያ ዓመት አስቀድሞ የተነገረው ሰው ተዘጋጀ፤ ስምንት ወር የተሰጠው ግን አገር አነሣ። በ1960 የተወለዱት 67 የሚሞላቸው በ2027 ስለሆነ የዚያ ፊርማ ሥራ የሚያልቀው ከ44 ዓመት በኋላ ነው። እናንተ ግን ፕሬዚዳንትን በመጀመሪያዎቹ መቶ ቀናት ትመዝናላችሁ።

በዚሁ ሕግ ውስጥ አንድ ስሕተት ተቀብሯል። ግማሹን ጡረታ ከሌላው ገቢ ጋር ደምሮ ላላገባ ሰው ከ25,000፣ ለባልና ሚስት ከ32,000 ዶላር በላይ ከሆነ ከጡረታው እስከ ግማሽ ድረስ ታክስ እንዲከፈልበት ደነገገ። በ1993 ክሊንተን ሁለተኛ እርከን ጨመረና ከ34,000 እና ከ44,000 በላይ እስከ 85 በመቶ ሆነ። ቁጥሮቹ ከዋጋ ንረት ጋር እንዲያድጉ ማንም አላደረገም፤ እስካሁን ያው ናቸው። በ1984 ደህና ገቢ ያለውን ብቻ የሚነካው ወለል ዛሬ የተራውን ሰው በር ያንኳኳል። በ2025 በስልካችሁ ስትቀባበሉት የነበረው «የሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ ቀረ» የሚለው ወሬም ልክ አልነበረም። ጁላይ 4 ቀን 2025 ትራምፕ የፈረመው ሕግ 65 ዓመት ለሞላው ሰው ከ2025 እስከ 2028 ድረስ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢው ላይ የ6,000 ዶላር ተቀናሽ ሰጠ፤ ላላገባ ሰው ገቢው 75,000 ካለፈ እየቀነሰ ይሄዳል። የጡረታ ታክሱ ሕግ ግን አልተሰረዘም። የዘመኑ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፤ የሕግን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው የማንበብ ትዕግሥት ግን አላየሁባችሁም።

ኒክሰን በ1972 የ20 በመቶ ጭማሪ ፈረመ። መጀመሪያ ያን ያህል መጨመሩን አልወደደውም ነበር፤ ጭማሪው ያለበት ቼክ ግን ምርጫው አንድ ወር ሲቀረው፣ በኦክቶበር፣ ሕጉን ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን እንደፈረመው ከሚገልጽ ወረቀት ጋር ለጡረተኛው ደረሰ። ታክሱ የጨመረው ከምርጫው በኋላ በጃንዋሪ ነው። በዚያው ሕግ የገባው አውቶማቲክ ማስተካከያ ቀመሩ ተሳስቶ አዲስ ለሚወጣው ሰው የዋጋ ንረቱን ሁለት ጊዜ ይቆጥርለት ነበር፤ አንዴ በደሞዙ ዕድገት፣ አንዴ በመቶኛው። ካዝናውን ያሳሳው አንዱ ነገር ይህ ነው። ያረመው ካርተር ነው፤ በ1977። ታክስ የጨመረና ቀመር ያቃና ሰው አይመሰገንም፤ ካርተርም አልተመሰገነም።

ካርተርን ካነሣሁ አይቀር፣ የእኛ ሰው በእሱ ላይ ሁለት ሆድ አለው። በፌብሩዋሪ 1977 መንግሥቱ በሰብአዊ መብት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ወታደራዊ እርዳታ ቀነሰ፤ በዚያው ዓመት የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴን ገባ። ማርች 17 ቀን 1980 የስደተኞችን ሕግ የፈረመውም እሱ ነው፤ ከሱዳን መጠለያ የወጡ ስንት ኢትዮጵያውያን በዚያ ሕግ አሜሪካ ገቡ። የአገራችንን ደኅንነት ጎዳ የሚሉት ሰው ለብዙዎቻችን የጡረታ ካርድ መነሻ ሆነ።

አሁን ወደ ደኅንነቱ። የመከላከያ ገንዘብ ኮንግረስ በየዓመቱ ድምፅ ሰጥቶ የሚለቀው ነው። ጡረታ ግን አንዴ በወጣ ሕግ፣ ከደሞዝ በሚቆረጥ 6.2 በመቶና አሠሪው በሚጨምረው 6.2 በመቶ የሚሄድ ነው። ስለዚህ «እገሌ የጡረታውን ገንዘብ ለጦርነት በላው» ሲባል ጠይቁ፤ በየትኛው ሕግ? የዚህ ወሬ ምንጩ ጆንሰን ነው። በቬትናም ጦርነት መካከል፣ ከ1969 የበጀት ዓመት ጀምሮ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ከጠቅላላው በጀት ጋር በአንድ ሰንጠረዥ መታየት ጀመረ፤ የጡረታው ትርፍም የመንግሥትን ጉድለት አሳንሶ አሳየ። ገንዘቡ ግን አልተሰረቀም። ትርፉ ሲጀመርም በሕግ በግምጃ ቤት ቦንድ ላይ ይውል ነበር። ጆንሰንን ለሌላ ነገር ውቀሱት፤ ሜዲኬርን በጁላይ 30 ቀን 1965 የፈረመውም እሱ መሆኑን አትርሱ።

ቦንዱ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ኤፕሪል 5 ቀን 2005 ትንሹ ቡሽ ዌስት ቨርጂኒያ ፓርከርስበርግ ከተማ ሄዶ፣ በመንግሥት ዕዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ባለ አራት መሳቢያ ነጭ የፋይል ካቢኔት ፊት ቆመ። በውስጡ አቃፊ አለ፤ በአቃፊው ውስጥ የቦንዱ ወረቀቶች። «ፈንድ የሚባል የለም፤ ወረቀት ብቻ ነው» ለማለት ነበር የሄደው፤ ከታክሱ እስከ 4 በመቶ ነጥብ ወደ ግል ሒሳብ እንዲዞር ይፈልግ ነበርና። ወረቀት መሆኑ እውነት ነው። ጃፓን የያዘችው የአሜሪካ ቦንድም ቃል ኪዳን ነው፤ ማንም ግን ባዶ ወረቀት አይለውም። ከ2021 ጀምሮ ያ ወረቀት እየተመነዘረ ጡረታ እየከፈለ ነው። በ2025 የወጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ፈንድ ባለአደራዎች ሪፖርት የጡረታው ተጠባባቂ በ2033 ያልቃል ይላል፤ ያ ማለት ጡረታ ይቆማል ማለት አይደለም፤ በየወሩ ከሚገባው ታክስ የጡረታው 77 በመቶ ይከፈላል። በ30 ዓመታችሁ «ለእኛ አይደርስም» ብላችሁ በካሽ የምትሠሩት ልጆች በዚህ ቁጥር ተሳስታችኋል።

ለፕሬዚዳንቶች ደረጃ ማውጣት አልፈለግሁም ነበር፤ ልጅቷ ግን መልስ ትጠብቃለች። አይዘንሃወር እላለሁ። ጄኔራል ነበር፤ በጁላይ 1953 የኮሪያን ጦርነት በተኩስ ማቆም ቋጨ፣ የእግረኛ ጦሩን ቀነሰ፣ በጃንዋሪ 1961 ስንብቱ ላይ የጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪው በመንግሥት ላይ የሚያሳድረውን ጫና እንዲጠነቀቅ ለሕዝቡ ነገረው። በ1954 ገበሬዎችን ወደ ጡረታው አስገባ፤ በ1956 የአካል ጉዳተኞችን ክፍያ አስተዳደሩ እየተቃወመው ፈረመ። ሠራዊቱንም ጡረታውንም በልክ ያየ ሰው ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆኑ ሁለት ሕጎች አሉ፤ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ኤስ ኤስ አይ የሚባለው የድጎማ ገንዘብ ከሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የተለየ ነው። በ1996 ክሊንተን የፈረመው ሕግ ዜጋ ላልሆነ ብዙ ሰው ከለከለው፤ በጥገኝነት (ሪፊውጂ ሆኖ) የገባ ሰው ከ1997ቱ ማሻሻያ ወዲህ የሚያገኘው ለሰባት ዓመት ነው፤ ዜግነት ካልወሰደ ይቋረጥበታል። ተቀባዩ 30 ቀን ከአሜሪካ ውጭ ከቆየም ይቆማል፤ ለፋሲካ ብለው አዲስ አበባ ሄደው ሁለት ወር የሚቀመጡ እናቶች የሚደነግጡት በዚህ ነው። ሁለተኛው በጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ባይደን የፈረመው ነው። ከዚያ በፊት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጡረታ የሚቀበል ሰው የአሜሪካው ጡረታ ሊቀነስበት ይችል ነበር፤ አሁን ያ ቅነሳ ከጃንዋሪ 2024 ክፍያ ጀምሮ ተነሥቷል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራችሁት ዘመን ግን እዚህ አይደመርም፤ በሁለቱ አገሮች መካከል እንዲህ ያለ ስምምነት የለም።

የጡረታችሁን መጠን የሚወስነው የራሳችሁ መዝገብ ነው። ለመብቃት 40 ክሬዲት፣ ማለትም ቢያንስ አሥር ዓመት ያስፈልጋል። መጠኑ የሚሰላው ከ35ቱ ከፍተኛ ዓመታት ነው፤ የጎደለው ዓመት ዜሮ ሆኖ ይገባል። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ሰው በመዝገቡ ላይ በዓመት 12,000 ዶላር ብቻ እያስመዘገበ 35 ዓመት ቢቆይ፣ በዛሬ ዶላር አማካዩ በወር 1,000 ይሆናል። በ2025 ቀመር እስከ 1,226 ድረስ 90 በመቶ ስለሚታሰብ ሙሉ ጡረታው 900፣ በ62 ቢወጣ 630 ነው። ሦስት እጥፍ፣ 36,000 ቢያስመዘግብ፣ ከ1,226 በላይ ያለው 32 በመቶ ስለሆነ ሙሉው ወደ 1,671 ይደርሳል። እውነተኛ ወጪን ቀንሱ፤ መብታችሁ ነው። የተደበቀ ካሽ ግን ዛሬ ያዳነው 15.3 በመቶ (በራሱ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው ታክስ) በእርጅና ተመልሶ ይጠየቃል፤ ብትሞቱም ለልጆቻችሁ የሚተርፈው ክፍያ ከዚያው መዝገብ ነው የሚወጣው።

በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ የራሳችሁን ሒሳብ ክፈቱና የየዓመቱን ገቢ ከደብልዩ ቱ ወረቀታችሁ (አሠሪው በየዓመቱ ከሚሰጣችሁ የደሞዝ ማስረጃ) ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። አሠሪው ስማችሁን ወይም ቁጥራችሁን አሳስቶ ከላከ ዓመቱ ዜሮ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ የስም ፊደል አጻጻፍ በሚለያይበት በእኛ ሰው ዘንድ ይህ ይብሳል። ማረሚያው ጊዜ ገቢው ከተገኘበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚፈቀዱት ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው። በራሳችሁ የምትሠሩ ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ ታክስ ካላስገባችሁ ዓመቱ ጠፋ ማለት ነው። የ2023 ገቢ ማብቂያው ኤፕሪል 15 ቀን 2027 ነው።