ሳይገባኝ «ገባኝ» ስል

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ሌላ አገር ልትማሩ ወይም ልትሠሩ ለምትሰናዱት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በኢንጂነርነት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ። ብዙ ጊዜ ጉድ የሠራኝ ሰዋስው አይደለም። ሳይገባኝ «ገባኝ» ማለቴ ነው።

ጀርመን በገባሁ በሁለተኛው ወር የክፍላችን ኃላፊ ደወሉና ከሰዓት በኋላ «ሃልብ ድራይ» ላይ እንገናኝ አሉኝ። ሃልብ ግማሽ፣ ድራይ ሦስት። ገባኝ! በነሱ አቆጣጠር ሦስት ተኩል ላይ ሽክ ብዬ ከች አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ወንበር ብቻ ነው። ለካ ጀርመንኛ የሚቆጥረው ወደ ሦስት የሚሄደውን ሰዓት ግማሽ ነው፤ 2፡30 ማለታቸው ነበር። ሁለቱንም ቃላት ኮርስ ከጀመርኩ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። «ሦስት ከሠላሳ ማለትዎ ነው?» ብል ምን እሆን ነበር? ምንም። ግን አፈርኩ።

ወረቀት ብቻውን ከዚህ አያድንም። የአውሮፓ የቋንቋ ደረጃ ከጀማሪው ኤ1 እስከ ከፍተኛው ሲ2 ይሄዳል፤ ቢ2 ይዞ ስብሰባ ላይ የሚጠፋበት ሰው ስንት አይቻለሁ! ውጤት እንኳ ያሳስታል። በጀርመን ዩኒቨርሲቲ ትልቁ 1.0 ነው፤ በ4.0 የሚታለፈው ለጥቂት ነው። የክፍል ጓደኛዬ 4.0 አግኝቶ ሊጨፍር ምንም አልቀረውም ነበር።

ጃፓንኛን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስጀምር ሁሉ ነገር የተገለበጠ መሰለኝ። አንድ ቀን «ኪኖ ካታ ሆን» የሚል አነበብኩ። ኪኖ ትናንት፣ ካታ ገዛ፣ ሆን መጽሐፍ። ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ! ቅደም ተከተሉ የአማርኛ ነው፤ ግሱም እንደኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል። የተገለበጠው እንግሊዝኛው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ እያሰብኩ ተማርኩ፣ ቀለለኝም። እናንተም አዲስ ቋንቋ ስትጀምሩ መጀመሪያ ከራሳችሁ ጋር አስተያዩት።

ጃፓን ሳለሁ አንድ ዕቅድ ሳቀርብ ሰዎቹ በየዓረፍተ ነገሩ «ሃይ፣ ሃይ» ይሉኛል። ሃይ «አዎ» ነው፣ መዝገበ ቃላቱ እንዲህ ይላል። ተስማሙ ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በሳምንቱ ዕቅዱ ውድቅ ሆነ። ሰዎቹ አልዋሹኝም፤ ሃይ ብዙ ጊዜ «እየሰማሁህ ነው» ማለት ነው። ስጨርስ «እንግዲህ ቀጣዩን ሥራ ማን ይጀምራል?» ብል ኖሮ የዚያኑ ዕለት አውቀው ነበር።

ባለፈው ወር ለአንድ ወጣት ባልደረባዬ አንድ ሥራ አስረዳሁት። «ገባኝ፣ ጋሼ» አለ ቶሎ ብሎ።

«እስቲ መልሰህ ንገረኝ» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና ወንበሩን ሳበ። «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለኝ።