ለገና ይደርሳል አትበሉ፦ የግንዲላ ቤት በእጃቸው ለሚሠሩ ወጣት ባለትዳሮች

የተከበራችሁ ወጣት ባለትዳሮች፣

በሐዋሳና በዙሪያዋ ቤታቸውን ከብሎኬት ይልቅ በግንዲላ፣ ማለትም ግንድ በግንድ ላይ አጋድሞ በመደርደር፣ ያውም በገዛ እጃቸው ለመሥራት ያሰቡ ጥንዶች አንዳንድ ጊዜ ምክር ፍለጋ ወደ እኔ ይመጣሉ። ዕድሜዬን በሕንፃ ሥራ ያሳለፍኩና አሁን በጡረታ ላይ ያለሁ መሐንዲስ በመሆኔ ስለ መሠረት፣ ስለ ጣሪያና ስለ ወጪ ይጠይቁኛል። ጥያቄያቸው ሁሉ ተገቢ ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራቸው ሌላ ነገር ነው፤ ለእናትም ለአባትም፣ ለአማትም ለጎረቤትም «የዘንድሮን ገና በአዲሱ ቤታችን እናከብራለን» ብላችሁ ቃል አትግቡ። የግንዲላ ቤት ከምስጥም ከዝናብም በላይ ሲጎዳ ያየሁት ለበዓል ለማድረስ ሲባል በሚደረግ ጥድፊያ ነው፤ ጥድፊያው ደግሞ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ቤቱን የሚሠሩትን ሁለት ሰዎችም ይጎዳል።

ይህ ፈተና በእኛ አገር የሚበረታበት ምክንያት አለው፤ የእንጨት ሥራ የሚመችበት ወቅትና ቤተ ዘመድ የሚሰበሰብበት ወቅት አንድ ላይ ይውላሉ። መስከረም 17 የመስቀል በዓል ሲያልፍ ክረምቱ እየወጣ፣ ምድሩም እየጠነከረ ይሄዳል። ጥቅምት ለቆረጣ ጥሩ ወር ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ስለሆነ ከተማችን ከየአቅጣጫው በሚመጡ ምእመናን ትሞላለች፤ ታኅሣሥ 29 ገና፣ ጥር 11 ጥምቀት ይከበራል፤ የቀረው ጥር ደግሞ የሠርግ ነው። መጋቢት ሲጠባ የበልጉ ዝናብ ይጀምራል። ስለዚህ ግንድ በምትልጡበትና ግድግዳ በምታቆሙበት በዚያው ጊዜ እንግዳ ይመጣል፣ ድግስ ይደገሳል፣ «የት ደረሰ?» የሚለው ጥያቄም በየማዕዱ ይነሣል። ጠያቂው በፍቅር ነው የሚጠይቀው። መልሱን መስጠት ያለባችሁ ግን የእንጨቱን ጠባይ ዐውቃችሁ ነው።

አዲስ የተቆረጠ ግንድ የያዘው ውኃ ከደረቁ እንጨት ክብደት ጋር ሊስተካከል፣ አንዳንዴም ሊበልጥ ይችላል። የውኃው መጠን ወደ 30 በመቶ ገደማ እስኪወርድ ድረስ ግንዱ አይኮማተርም፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ውፍረቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ርዝመቱ ላይ የሚታየው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በጭቃ ቤታችን ቋሚው ሽቅብ ስለሚተከል ይህ ጠባይ ብዙ አያስቸግርም። በግንዲላ ቤት ግን ግንዱ ተጋድሞ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚደረደር፣ የእያንዳንዱ ግንድ መቅጠን ተደምሮ ግድግዳውን ያወርደዋል። እርጥብ ግንድ ከደረደራችሁ በየ1 ሜትሩ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እንደሚወርድ አስባችሁ መሥራት አለባችሁ፤ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ግድግዳ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። ለበዓል የቸኮለ ሰው የበርና የመስኮቱን መቃን ከግንዱ ጋር አጥብቆ ይመታዋል፤ ግድግዳው መውረድ ሲጀምር መቃኑ ይሸከመዋል፤ ከዚያ በሩ አልዘጋ ይላል፣ በግንዶቹ መካከልም እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ በርና መስኮት አናት በላይ ለሚወርደው ልክ ባዶ ቦታ ተዉ፤ ቦታውን በቃጫ ጠቅጥቃችሁ ከፊቱ ጣውላ አልብሱት፤ ጣውላውን ግን ከላይኛው ግንድ ጋር ብቻ እንጂ ከመቃኑ ጋር አትምቱት። የእንሰት ቃጫ በሲዳማ ገበያ በቀላሉ ይገኛል፤ በግንዶቹ መካከል ለሚጠቀጠቀውም እኔ እርሱን እመርጣለሁ።

ስለ እንጨቱ ዓይነት ብዙ አልልም። ባሕር ዛፍ በየመንደሩ ስለሚገኝ ዋጋው ይቀላል፣ ለአጠናና ለማገርም ሲያገለግለን ኖሯል፤ ወፍራሙ ግንድ ግን በውስጡ ካለው ውጥረት የተነሣ እንደተቆረጠ ከጫፉ ይሰነጠቃል፣ ሲደርቅም ይጣመማል። ለተጋደመ ግድግዳ በወንዶ ገነትና በሻሸመኔ ዙሪያ በተከላ ደን የሚለማው የፈረንጅ ጥድ ይሻላል፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ለመጥረቢያና ለመሮም አያስቸግርም። ግንዱን በጥቅምት ቆርጣችሁ ሳይውል ሳያድር ቅርፊቱን ላጡት፤ ተባይ የሚራባው ከቅርፊቱ ሥር ነውና። ከዚያ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ በመካከሉ ነፋስ እንዲያልፍ ርብራብ አግብታችሁ፣ በጥላ ሥር ደርድሩት። በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሕድ መቀባት ከምስጥና ከነቀዝ ይጠብቀዋል፤ ይህ መድኃኒት ግን በዝናብ ስለሚታጠብ ክዳን ያስፈልገዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሰው ለሚተኛበት ቤት ግድግዳ አልመክርም፤ ለጤና አይስማማም፣ እሳትም ይጠራል።

እንግዲህ አስሉት። በመጀመሪያው ገና ያላችሁ የድንጋይ መሠረትና የተላጠ የግንድ ክምር ነው። በሁለተኛው ገና ግድግዳው ቆሞ፣ ጣሪያው ተከድኖ ሊሆን ይችላል። አልጋችሁን ዘርግታችሁ የምታከብሩት ገና፣ ሁሉም ከተሳካ፣ ሦስተኛው ነው። ይህን ለቤተ ዘመዱ ከመጀመሪያው በግልጽ ንገሩ፤ ሰው የተነገረውን ይቀበላል፣ የሚከፋው የጠበቀው ሲቀርበት ነው።

ስለ ቦታው ሁለት ነገር ልጨምር። የይዞታ ካርታና የግንባታ ፈቃድ ሳይኖር አንድም ግንድ አትግዙ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ሁለተኛው ከመሬቱ ጋር የተያያዘ ነው። ሐዋሳ ያለችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ሐይቋ ወደ ውጭ የሚወጣ ወንዝ የሌላት ስለሆነች የጥቁር ውኃ ወንዝና ጎርፉ የሚያመጡት ውኃ ከመትነንና ከመስረግ በቀር መሄጃ የለውም፤ በዳርቻው ባሉ ሰፈሮችም የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ግንድ ከመሬት ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይረፍ፤ በድንጋዩና በግንዱ መካከል ጠርዙ ወደ ታች የታጠፈ ቆርቆሮ ይግባ። ምስጥ ቆርቆሮውን ዞሮ ለመውጣት የጭቃ መንገዱን በውጭ በኩል መሥራት ስለሚኖርበት በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ከተማችንን ያናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ መጠኑ ከ5 በታች ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ከሕንፃዎች ለመውጣት በተደረገ ሩጫ ሰዎች ተጎድተዋል። ማዕዘኖቹ በሚገባ ተቆርጠው የተቆላለፉ የግንዲላ ቤት ቀላልና ተለማጭ በመሆኑ ለእንዲህ ያለው ንቅናቄ ጥሩ ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን ግድግዳው ከመሠረቱ፣ ጣሪያውም ከግድግዳው ጋር በብረት ከታሰረ ነው። ጣሪያው ከግድግዳው ቢያንስ 70 ሴንቲ ሜትር ወጣ ይበል።

በዓል ለሥራው እንቅፋት ነው የሚሉ ወጣቶች አጋጥመውኛል። እኔ እንደዚያ አላይም። የዘመድ መሰብሰብ በገንዘብ የማይገኝ ጉልበት ነው፤ ደቦ ያሳደገው ሕዝብ ነን። ነገር ግን የትኛው ሥራ ለብዙ እጅ እንደሚስማማ አስቀድማችሁ ለዩ። ቅርፊት መላጥ፣ ድንጋይ ማቀበል፣ ግንድ ተሸክሞ መደርደር፣ ቃጫ መጠቅጠቅ፣ ለማድቤቱ ጭቃና ጭድ ማቡካት፣ እነዚህ ልጁም አዛውንቱም የሚሳተፉባቸው ናቸው። የማዕዘኑን መገጣጠሚያ መቁረጥ ግን ከበዓሉ በፊት ወይም በኋላ፣ ሰው በሌለበትና ልብ በተረጋጋበት ቀን ይሁን፤ ቁርጡ ሁልጊዜ በላይኛው ግንድ ሆድ ላይ መውጣት አለበት፤ በታችኛው ግንድ ጀርባ ላይ ከተቆረጠ ውኃ ያቁራል። ጣሪያ ላይም እንግዳ አታውጡ። በክብረ በዓሉ ዕለት ደግሞ መጥረቢያ አይነሣ፤ የእናቶቻችንን ልብ አታሳዝኑ፣ ዋዜማውና ማግስቱ ይበቃችኋል። በጾሙ ሳምንታት የሚመጣ ረዳት በሽሮና በክክ ስለሚስተናገድ ወጪው ይቀላል፤ ብዙ ሰው የሚፈልገውን ሥራ በኅዳር መጨረሻ ማድረግ ለኪሳችሁም ይበጃል። የበዓሉን ገንዘብና የቤቱን ገንዘብ ግን በተለያየ ደብተር ያዙ፤ ከቤቱ ገንዘብ ለቅርጫ የወጣ ብር ተመልሶ ሲገባ አላየሁም።

አሁን ወደ ልቤ ቅርብ ወደሆነው ጉዳይ ልግባ። ሁለታችሁ ብቻችሁን ስትሠሩ እኩል ናችሁ፤ አንዱ መጋዙን ሲስብ ሌላው ግንዱን ይይዛል፣ አንዱ ሲለካ ሌላው ይጽፋል። ዘመድ የመጣ ዕለት ግን ሚስት ወደ ማድቤት፣ ባል ከወንዶቹ ጋር ወደ ግንዱ ይሄዳል። ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ድረስ በውጭ በኩል መስኮቱ ቦታ ይቀይራል፣ አጎት በሩን ያሰፋል፣ ወንድም ሌላ ክፍል ይጨምራል፤ እርስዋ ስትወጣ ቤቱ ሌላ ቤት ሆኖ ይጠብቃታል። ክፋት አስቦ ያደረገው የለም፤ ቅሬታው ግን ከዚያ በኋላ ባሉት በዓላት ሁሉ ይነሣል። ስለዚህ ከእንግዶች መምጣት በፊት የዕለቱን ሥራ በወረቀት ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ በወረቀቱ ላይ የሌለ ለውጥ፣ ሐሳቡ ምንም ያህል መልካም ቢሆን፣ እንግዶች እስኪሄዱ ይቆይ። ለመካሪው ዘመድ «ጋሼ፣ ማታ ተማክረንበት እንነግርዎታለን» ማለት ንቀት አይደለም። ውኃ ልኩንና ቱንቢውን የምትይዘው፣ ሥራው ቀጥ ማለቱንም የምታረጋግጠው ሚስት ብትሆን ደስ ይለኛል፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እርስዋን ሳይጠይቅ ግንድ አያነሣም። ድግሱን ደግሞ እኅቶችና አክስቶች ብቻ ሳይሆኑ ወንድሞችም ይከፋፈሉት፤ ሽንኩርት መክተፍ ለማንም አይከብድም።

አንዳንድ ሽማግሌ የእንጨት ቤት የድህነት ምልክት ነው ብሎ ያዝን ይሆናል። አትከራከሩት። በአባቱ ቤት የትኛው እንጨት ምስጥ እንደማይነካው፣ ቀርከሃው በስንት ዓመቱ እንደሚቆረጥ ጠይቁትና ጻፉት። የሲዳማ አባቶች በዘመን መለወጫቸው በፊቼ ጨምበላላ ከሚሰጧቸው ምክሮች አንዱ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ ማስጠንቀቅ ነው፤ ይህ ለግንዲላ ቤት ሠሪ በቀጥታ የተነገረ ያህል ነው። ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ኮሶና የሐበሻ ጥድ ከተፈጥሮ ደን ተቆርጦ በጨለማ ሲመጣላችሁ ዋጋው ቢረክስም አትግዙ፤ ለቤታችሁ የሚሆነው ግንድ በእርሻ መልክ የተተከለና ደረሰኝ ያለው ይሁን።

በዓሉ ባላለቀ ቤት ውስጥ ሲከበር ከሁሉ የምፈራው እሳትን ነው። የመላጊያ ፍቅፋቂና ደረቅ ስንጥር በተበተነበት ግቢ ውስጥ የደመራ ችቦ፣ የዶሮ ወጥ ምድጃ፣ የቡና ከሰልና የዕጣን ፍም አንድ ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ማድቤቱን ከቤቱ አርቃችሁ በጭቃ ወይም በብሎኬት ከሁሉ አስቀድማችሁ ሥሩት፤ በዋዜማው ፍቅፋቂውን ጠርጋችሁ ከግቢ አውጡ፤ የቡናው ምድጃ በጣውላው ወለል ላይ ሳይሆን በአሸዋ በተሞላ ሰፊ ትሪ ላይ ይቀመጥ፤ ሁለት በርሜል ውኃም ሞልቶ ይደር። ቄጠማ ያለ በዓል አይደምቅም፣ ይጎዝጎዝ፤ ቫርኒሽ ባልተቀባ ወለል ላይ ካደረ ግን እርጥበቱ እድፍ ስለሚያስቀር ማታውን አንሡት።

ቤቱ ተጠናቆ ከገባችሁ በኋላ ሥራው ለተወሰኑ ዓመታት ይቀጥላል። በየዓመቱ የገና እንግዶች ሲሸኙና በልጉ ከመግባቱ በፊት፣ ከበርና ከመስኮቱ አናት ላይ ያለውን ጣውላ ነቅላችሁ የቀረውን ክፍተት ለኩና በደብተራችሁ መዝግቡ። ክፍተቱ ሊዘጋ የተቃረበ ከሆነ የመቃኑን አናት ላጥ አድርጉት፤ ቃጫው የላላበትን ጠቅጥቁ፤ በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ የጭቃ መንገድ ካያችሁ አፍርሱትና ምንጩን ፈልጉ። ልኬቱ በሁለት ተከታታይ ዓመታት ካልተለወጠ ግድግዳው መውረዱን አቁሟል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የውስጡን ቁም ሣጥንና መደርደሪያ ከግድግዳው ጋር አጥብቃችሁ መግጠም ትችላላችሁ።