«ተቀምጦ የሚያወራ ሽማግሌ» ለማየት ይህን ያህል ገንዘብ?

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ቴክሳስ ያለው ልጄ ጋ ለጥየቃ ሄጄ ነበር። ካንትሪ ሙዚቃ እንደምወድ ስለሚያውቅ የዊሊ ኔልሰን ኮንሰርት ወሰደኝ። ሌሎች ሲዘፍኑ ዋሉና እሱ የወጣው ከመሸ በኋላ ነው። ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ አንድ የተቦደሰ ጊታር አቀፈ፤ ከዚያ ወዲያ እየዘፈነ ይሁን እያወራ አልለየልኝም። በካሴት የማውቀውን ዘፈን ከባንዱ ጋር አልገጥም ብሎ አበላሸብኝ። በአንድ ሰዓት ገደማ ጨርሶ ሄደ። ዙሪያዬን ሳይ ግን ጎልማሳ ወንዶች እንባቸውን ይጠርጋሉ። ልጄ ለሁለታችን የከፈለውን ስሰማ እኔም ለማልቀስ ምንም አልቀረኝ። እነሱ ሰምተውት እኔ ያልሰማሁት ምንድን ነው? ለከርሞም እንሄዳለን እያለኝ ነው። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?
ዘ. ነኝ

መልስ፦ እትዬ፣ እኔም የመጀመሪያ ቀን እንደርስዎ በግኜ ነው የወጣሁት። ልዩነቱ እኔ አልከፈልኩም። ቴክሳስ ውስጥ ለዓመታት የኮንሰርት ድምፅ ማጉያ ከሚተክሉ ሰዎች ጋር ገመድ ስጎትት ኖሬያለሁ፤ ዊሊንም የሰማሁት ከመድረኩ ጥግ፣ የገመድ ጥቅል ላይ ተቀምጬ ነው። (በፈረንጅ አቆጣጠር በ1933 የተወለደ ሰው አንቱ መባል ነበረበት፤ ግን ዘፋኝ አንቱ ሲባል ይርቀኛል፣ ይቅር ይበሉኝ።)

«ከባንዱ ጋር አልገጥም አለ» ያሉት ትክክል ነው። ግን ስቶ አይደለም፣ ሆን ብሎ ነው። ባንዱ ምቱን እንደ ሰዓት ይዞ ይሄዳል። እሱ አንዱን ስንኝ ቀድሞ ይገባበታል፣ ሌላውን ደግሞ ምቱ ካለፈ በኋላ ያዝ ያደርገዋል፤ መጨረሻው ቃል ላይ ግን እንዴት እንደሆነ ሳይታወቅ ከባንዱ ጋር እኩል ያርፋል። ሰው የልቡን ሲናገር በምት አይናገርም፤ ቆም ይላል፣ ከዚያ ያለውን ባንዴ ያወጣዋል። ቤቱ ብቻውን ሆኖ የሚያንጎራጉር ሰው ሰምተው ያውቁ የለ? እንደዚያ ነው። ለዚህ አዘፋፈን የድሮውን አሜሪካዊ ዘፋኝ ፍራንክ ሲናትራን እንደሚያደንቅ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል።

ቅር ያለው እርስዎን ብቻ አይደለም። በ1960ዎቹ የካንትሪ ሙዚቃ መናኸሪያ በሆነችው በናሽቪል ከተማ ግጥምና ዜማው ይፈለግ ነበር፤ ድምፁን ግን ገበያ አልተቀበለውም። «ክሬዚ» የተባለውን ዘፈን የጻፈው እሱ ሆኖ፣ በ1961 ያነገሠችው ዘፋኟ ፓትሲ ክላይን ናት። እሷም ብትሆን መጀመሪያ የእሱን አካሄድ ልከተል ስትል አስቸግሯት ነበር። ዛሬ መድረክ ላይ ይህንኑ ዘፈን ከሁለት ሌሎች የዚያ ዘመን ድርሰቶቹ ጋር አያይዞ ሲጫወተው፣ ሕዝቡ አብሮት ሊዘፍን ይነሣል፤ አይችልም። አንድ ማታ ከፊት ረድፍ የቆመች ሴትዮ ዓይኗን ጨፍና ስንኙን ጨረሰችው። እሱ ገና አፉን አልከፈተም። ዓይኗን ገልጣ አየችው፣ ሳቀችና ዝም አለች፤ ከዚያ በኋላ ማታውን ሙሉ ያዳመጠች እሷ ብቻ መሰለችኝ። እኔም ነገሩ የገባኝ ያን ማታ ነው። ካሴቱን ይዘን ሄደን ካሴቱን ስንጠብቅ፣ እሱ ዛሬ የሚለውን እናጣዋለን።

አሁን ወደ «የተቦደሰው» ጊታር። ትሪገር ይባላል፤ የፊልም ተዋናዩ የሮይ ሮጀርስ ፈረስ ስም ነው። ማርቲን ኤን 20 የሚባል የናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር ነው። በ1969 የቀድሞ ጊታሩን ሰካራም ረግጦ ሰበረበትና፣ ይሄኛውን ዓይኑ ሳያየው በስልክ በ750 ዶላር ገዛው። ክላሲካል ጊታር በጣት እንዲመታ ነው የሚሠራው፤ ፊቱ ላይ መከላከያ የለውም። ዊሊ ግን በፒክ፣ ማለትም በጣት በሚያዝ ትንሽ የክር መምቻ ይመታዋል። ፒኩ ሲፍቀው፣ ሲፍቀው፣ ከድምፅ ማውጫው ቀዳዳ በታች ሌላ ቀዳዳ በላበት። እንጨቱ ላይ ከመቶ በላይ ሰው ፈርሞበታል። ቴነሲ ውስጥ ቤቱ ሲቃጠል ዘሎ ገብቶ ያወጣው እሱን ነው። ድምፁን አስተውለውት ከሆነ ለስላሳ አይደለም፤ ደረቅ፣ ትንሽ የሚንኳኳ፣ ከሩቅም ሆነ ከቅርብ ሌላ ጊታር የማይመስል ነው። ሶሎ ሲጫወት ጣቱ የሚስት የሚመስልበት ጊዜ አለ፤ አንዳንዴ በእርግጥም ይስታል፣ ያንን አልደብቅዎትም። ተመልካቹ ግን የሳተችውን ኖታ እንደ ዘመድ ሳል ያውቃታል።

ለሚያለቅሱት ሰዎች እኔ የምሰጠው ምክንያት ለአሥርተ ዓመታት ያልተለወጠው ሥርዓት ነው። «ዊስኪ ሪቨር» በሚለው ዘፈን ይከፍታል። ወደ መጨረሻው የቤተ ክርስቲያን መዝሙሮች ይመጣሉ። ሃርሞኒካ የሚነፋው ሚኪ ራፋኤል ከ1973 ጀምሮ ከጎኑ ነው። ፒያኖው ላይ ታላቅ እኅቱ ቦቢ ነበረች፤ በ2022 በ91 ዓመቷ አረፈች። ከበሮ መቺው ፖል ኢንግሊሽ ከዚያ በፊት በ2020 ሞተ። እንግዲህ አባቱ በትከሻው ተሸክሞ ለዚሁ መክፈቻ ዘፈን ያመጣው ልጅ፣ ዛሬ ሽበቱን ይዞ ያለ አባቱ ሲመጣ፣ መድረኩም እንደሱው ጎድሎ ያገኘዋል። እርስዎ ያን ጉድለት የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም።

ጥፋቱ ግን የጆሮዎ ብቻ አይደለም። ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሳንባው እንደተጎዳ ራሱ ተናግሯል። የልጅዎ ትኬት ደግሞ ከኋላ ከሣሩ ላይ ከነበረ፣ በሙያዬ ልንገርዎ፤ እዚያ የሚደርሰው ባስና ከበሮ ነው። እንደዚህ በሹክሹክታ የሚዘፍን ሰው እዚያ ድረስ በደንብ አይሰማም፤ ነፋስ ሲነሣማ ግማሹ ቃል ይወሰዳል።

ስለዚህ ይሂዱ፣ ግን ልጅዎ ከተቻለ ወደ ፊት ያስቀምጥዎት፤ ገንዘቡ ካልበቃ አንድ ሰው ይቅርና ሌላው በደንብ ይይ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አይዋሉ፤ እሱ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ደክመው ነው የሚደርሱበት። ሲወጣ ከፊቱ ይልቅ ቀኝ እጁን ይዩ። ሃርሞኒካውንም ያዳምጡ፤ ሚኪ ዊሊ ስንኙን እስኪለቅ ጠብቆ ነው ክፍተቱን የሚሞላው፣ እሱን ከተከተሉ ዘፋኙ የት እንዳለ አይጠፋዎትም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ራሱ ላይ ያሰረውን ባንዳና ፈትቶ ወደ ሕዝቡ ሲወረውር ገለል ይበሉ። አብሮኝ ገመድ ይጎትት የነበረ ሰው አንዱን ቀይ ባንዳና ቀልቦ ቤቱ አስገባ። ሚስቱ ከልብስ ጋር ደባልቃ አጠበችው። ሳምንት አልተነጋገሩም።