ካንትሪው ትዝታ ትዝታ ይለኛል

ጥያቄ፦ የደሴ ልጅ ነኝ። አሜሪካዊው ዘፋኝ ራያን አዳምስ ከካርዲናልስ ባንድ ጋር የሠራውን «ጃክሰንቪል ሲቲ ናይትስ» የተባለ የካንትሪ (የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) አልበም ስሰማ የእኛን ትዝታ የሰማሁ ይመስለኛል። አብጄ ነው?

መልስ፦ ኧረ አላበድክም! ሜጀር ትዝታ የሚባለው ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ብዙ የካንትሪ ዜማም በነዚሁ ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ ፔዳል ስቲል የሚሉት ጊታር አለ፣ እንደ ማሲንቆ ድምፁን እያንሸራተተ የሚያለቅሰው፣ አንጀትህን የሚበላው እሱ ነው። አምባሰል ግን ሌላ ቅኝት ነው፣ እዚያ አትፈልገው። ራያን እ.ኤ.አ. በ2005 ብቻ ሦስት አልበም አወጣ፤ ሁለቱ ከዚሁ ባንድ ጋር ናቸው። በዛ እንዴ? ለእኔ በዝቷል። ይሄኛው ላይ ግን ባንዱ አብሮ ሲተነፍስ ይሰማል። ዘፋኟ ኖራ ጆንስ የገባችበትን «ዲር ጆን» የሚለውን ዘፈን የጦሳ ተራራችሁ ጉም ሲለብስ ክፈተው።