መጀመሪያ መቁጠር ልመዱ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው በዱር እንስሳት ሥራ ለመግባት ለምታስቡት ነው። እኔ አዳኝ ነኝ። ዓሣም አጠምዳለሁ። ዕድሜዬ ያለፈው በባሌና በአርሲ ተራሮች፣ ከውጭ የሚመጡ አዳኞችን እየመራሁ ነው።

የደጋ አጋዘንን ከአሥር ሳንቲም ላይ ታውቁት ይሆናል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጥበቃው ላላ። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ጋይሳይ ሜዳ ላይ በየቀኑ የማየው መንጋ ተመናመነ። ብዙ ዓመት የተለፋበት ነገር በወራት ሄደ። ሰዉ አውሬውን ጠልቶ አልነበረም። ፓርኩ ሲከለል ማንም አላማከረውም። ስለዚህ አጋዘኑን የመንግሥት ከብት አድርጎ አየው። መንግሥት ሲወድቅ ከብቱም አብሮ ወደቀ።

የተረፉት ዲንሾ፣ የፓርኩ ቢሮ አጠገብ ካለው የጥድና የኮሶ ጫካ ተጠጉ። ከዚያ ቀስ እያሉ በዙ። በጣም ቀስ እያሉ። ሴቷ የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ ነው፤ ያውም ስምንት፣ ዘጠኝ ወር ተሸክማ። ዛሬ እዚያው ግቢ ውስጥ ሰው እያያቸው ይግጣሉ። ባየኋቸው ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልንገራችሁ። አደን በተፈቀደባቸው ቀበሌዎች የሚገደለው ያረጀ ወንድ ብቻ ነው፤ ስንት እንደሚገደል የሚወሰነውም በቆጠራ ነው። አንድ ዓመት የቆጠራው ቁጥር ከፍ እንዲል ተጠየቅሁ። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ፈረምኩ። በሁለተኛው ዓመት በዚያ ሸለቆ አሥራ አንድ ቀን ተጓዝን። ቀንዱ የጠና አንድ ወንድ አላገኘንም። ሌላ ማንም አልነበረም ጥፋተኛው፤ የእኔ እጅ ነው የፈረመው።

በእኔ ልጅነት ለገደለ ይዘፈንለት ነበር። ለቆጠረ የዘፈነ አልሰማሁም። እናንተ ግን ጠመንጃም መንጠቆም ከመያዛችሁ በፊት መቁጠር ልመዱ። በጠዋት ውጡ፤ ሴቱን፣ ወንዱን፣ ግልገሉን ለዩ። ያላያችሁትን አትጻፉ፣ አለቃ ቢቆጣም።

በወንዝም እንዲሁ ነው። በዌብና በዳንካ ያለው ትራውት ከኬንያ የመጣ እንግዳ ዓሣ ነው። እሱን አጥምዳችሁ ብሉ፣ ግድ የለም። ግን ወንዙ በትራውት ስለሞላ ተፈጥሮው ዳነ አትበሉ።

አጋዘኑም ቢሆን ገና ከሥጋት አልወጣም። እርሻው ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ የመንደር ውሾችም ግልገል ያሳድዳሉ። ባሌ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከልቤ ደስ ብሎኛል። መዝገቡ ግን ውሻ አያስርም። ከብት ከሚያግደው ልጅ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቡና ጠጡ፤ ከኔ የበለጠ ያውቃል።

ባለፈው በጋ አንዱን አገኘሁት። ሳልጠይቀው «ትናንት ሃያ ሦስት ነበሩ፣ ዛሬ ሃያ አራት ናቸው» አለኝ። አዲሷ ግልገል የት እንደተደበቀች ያውቃል። አሳየኝ አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና እንቢ አለኝ።