መንጋጋ ከተነቀለ በኋላ ከንፈር ሲደነዝዝና ሲያቃጥል፦ ሩት ካናል መፍትሔ ነው?

«የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋዬ ከተነቀለ አምስት ሳምንት ሆነኝ። ግማሽ ከንፈሬና አገጬ እንደደነዘዘ ነው፤ አሁን ደግሞ ጺሜን ስላጭ ያቃጥለኛል። ሐኪሙ ከጎኑ ያለውን ጥርስ ሩት ካናል (የጥርሱን የውስጥ ነርቭ አውጥቶ ቦታውን መሙላት) እንስራው ብሎኛል፤ ልስማማ?» ብለው ለጠየቁት፦

ለጊዜው አይስማሙ። ጥርሱ የተጠረጠረው ቀዝቃዛ ሲነካው ዝም ስላለ ከሆነ፣ ምርመራው አሳሳች ነው። በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ለከንፈርና ለአገጭ ብቻ ሳይሆን በዚያ ወገን ላሉት የታች ጥርሶችም ስሜት ይሰጣል። እሱ ከተጎዳ ደህና የሆነ ጥርስም ቅዝቃዜ ስለማይሰማው የሞተ ይመስላል። ጥርሱ ራሱ ታሞ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሲያኝኩበት ወይም ሲመታ ለይቶ ያማል፣ ኤክስሬይ ላይም ሥሩ ጫፍ ላይ ጥቁር ጥላ ሊታይ ይችላል። የእርስዎ ግን ቆዳ ሲነካ የሚያቃጥል፣ ከመደንዘዝ ጋር የተዳበለ ሕመም ነው፤ ይህ የተጎዳ ነርቭ ጠባይ ነው። በዚህ ሁኔታ ጥርስ በጥርስ ላይ ማከምና መንቀል ሕመሙን ሲያባብስ እንጂ ሲያሽር አይታይም።

ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል? ከተንቀሳቀሰ የተጎዳው የስሜት ነርቭ ነው። የአፍ ጥግ ወርዶ ዓይን አልከደን ካለ ሌላ፣ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ነው፤ ማደንዘዣው ወደ ኋላ አልፎ ምራቅ አመንጪው ዕጢ ውስጥ ሲገባ የሚከሰት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይለቃል። እስኪለቅ ዓይኑን ሸፍኖ ከመድረቅ መጠበቅ ነው። ምላስ ደንዝዞ ጣዕም ከጠፋ ደግሞ የምላስ ነርቭ ነው።

አሁኑኑ የሚጀምሩት ሥራ የደነዘዘውን ቦታ መለካት ነው። መስታወት ፊት ሆነው በቀጭን የጥጥ ጫፍ ከደህናው ቆዳ ወደ ደነዘዘው ቀስ እያሉ ይምጡ፤ ስሜቱ የሚለወጥበትን ነጥብ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ። ከየአቅጣጫው ደጋግመው ነጥቦቹን ያገናኙና ፎቶ አንስተው ቀን ይጻፉበት። ዓይንዎን ጨፍነው ሌላ ሰው ጥጡን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲስበው አቅጣጫውን መለየት መቻልዎንም ይመዝግቡ። በየሁለት ሳምንቱ ይድገሙት። ድንበሩ እየጠበበ ከሄደ ነርቩ እያገገመ ነው። የተቋረጠ የነርቭ ክር በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ከመንጋጋ እስከ አገጭ ለመድረስ ወራት ይወስዳል።

መደንዘዙ ሙሉ ሆኖ እስከ 3 ወር ምንም ለውጥ ካላሳየ፣ ነርቭ በማይክሮስኮፕ የሚጠግን የፊትና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም ይዩ። ከ6 ወር በኋላ የጥገናው ውጤት እየቀነሰ ይሄዳል። የምላስ ነርቭ ከሆነ እንዲያውም መዘግየት የለበትም፤ በለስላሳ ሥጋ ውስጥ ስለሚያልፍ የተቆረጡትን ጫፎች እንደ አጥንቱ ቦይ አቅጣጫ የሚያስይዛቸው የለም። (ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር፣ ተተክሎ ወይም የሩት ካናል መሙያ ከሥሩ አልፎ ፈስሶ ከሆነ ወሩ ቀርቶ ቀኑም ይረዝማል፤ በማግስቱም ካልለቀቀ በ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ መታየትና ማስወጣት ያስፈልግ ይሆናል።)

ለሕመሙ ፓራሲታሞልም ኢቡፕሮፌንም እዚህ ብዙ አይሠሩም። ሐኪሞች የሚያዙት አሚትሪፕቲሊን ብዙ ጊዜ በ10 ሚሊ ግራም ማታ ማታ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨምራል፤ አለዚያም ጋባፔንቲን ወይም ፕሪጋባሊን ነው። በቂ መጠን ላይ ለሳምንታት ሳይቆዩ «አልሠራም» ብሎ መተው የተለመደ ስሕተት ነው፤ በድንገት ማቆምም አይገባም። አሚትሪፕቲሊን አፍ ስለሚያደርቅ ለጥርስ መበስበስ ያጋልጣል። የልብ ምት ችግር ካለብዎ ወይም ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ከወሰዱ አስቀድመው ይናገሩ። ካርባማዜፒን ይበልጥ የሚስማማው ለሰከንዶች እንደ ኤሌክትሪክ ለሚነዝረው ሕመም ነው። ቫይታሚን ቢ በየቦታው ይታዘዛል፤ ማስረጃው ደካማ ነው፣ ቢ6 ደግሞ በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

ጺምዎን በምላጭ ሳይሆን በኤሌክትሪክ መላጫ ይላጩ፤ ትኩስ መጠጥም በደህናው ወገን ይሞክሩ። ቀጠሮ ሲሄዱ ከመነቀሉ በፊት የተነሣውን ኤክስሬይ ይያዙ፤ የጥርሱ ሥር የነርቩን ቦይ ነክቶ እንደነበር ይነግራል። ሲቲ ስካን ከታዘዘም ቦይው ላይ የቀረ የሥር ወይም የአጥንት ስብርባሪ እንዳለ ለይተው ይጠይቁ፤ ነርቩን እየተጫነ ከሆነ ሊወጣ የሚችል ምክንያት ነው።